ጋቢና የሚቀመጡት እንደራሴ

የወይዘሮ ዘነበችን ሞት የሰማሁት ከሬዲዮ ነው። ከሀዋሳ መናኸሪያ ተነሥቼ በጉዱማሌ በኩል ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነበር። ዜና አንባቢው “የቀድሞ የምክር ቤት አባል” ብሎ ስማቸውን ጠራ፤ ባደረባቸው ሕመም ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በትውልድ ቀበሌያቸው እንደሚፈጸም ነገረንና ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ወደ እግር ኳስ ተሻገረ። መኪናዬን ዳር አስይዤ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ሞት የአላህ ነው፤ በእሱ ላይ አቤቱታ የለኝም። የተናደድኩት በዜና አንባቢው ልጅ ነው። እኚህን ሴት በአንድ መስመር አንብቦ ማለፍ ምን ማለት ነው? ቢያውቃቸው ኖሮ ቢያንስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁና ልናገር።

ስሜ ከድር ነው፤ ሾፌር ነኝ። አባቴ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ነበረው። ስኳርና ሳሙና ሲሸጥ ኖሮ አንድ ቀን ሱቁን እንድረከበው ይመኝ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ ከመሪ ጋር ሆነ። መጀመሪያ ሚኒባስ ነዳሁ። በኋላ ምክር ቤቱ ሾፌር ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም የቋሚ ኮሚቴ አባላትን መስክ ሳመላልስ ኖርኩ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሾፌር ሁሉ ሰው የሚመዝንበት የራሱ ዘዴ አለው። የእኔ የመኪና በር ነው። አንዳንዱ ሹም በሩ እስኪከፈትለት ቆሞ ሰማይ ያያል። አንዳንዱ ከበሩ ጋር የቆየ ጠብ ያለው ይመስል ያላትመዋል። ስልክ እያወራ ክፍቱን ትቶት የሚሄድም አለ። ወይዘሮ ዘነበች ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ቀስ አድርገው ራሳቸው ይዘጋሉ፣ ከዚያም መዘጋቱን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ያረጋግጣሉ። ያን ሳይ ከእኚህ ሴት ጋር እንደምንግባባ ገመትኩ።

የመጀመሪያው የመስክ ጉዟችን ትዝ ይለኛል። ገና መመረጣቸው ነው። ሌሎቹ አባላት ከኋላ ሲደላደሉ እሳቸው መጥተው የጋቢናውን በር ከፈቱ። ጋቢና በእኛ ልማድ የጥበቃ ወይም የጸሐፊ ቦታ ነው።

“እትዬ፣ የክቡራን ቦታ ከኋላ ነው” አልኳቸው።

“ከኋላ ስቀመጥ ያቅለሸልሸኛል” አሉና ቀበቶ አሰሩ።

አመንኳቸው። እንዲያውም አዝኜ፣ መስክ በወጣን ቁጥር ሎሚ እየገዛሁ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጥላቸው ጀመር፤ እሳቸውም እያመሰገኑ ያሸቱታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን መኪናችን ተራራ ላይ ተበላሸችና በጭነት አይሱዙ ተሳፍረን ተመለስን። ከላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ መዝሙር እየዘመሩ ወረዱት። ያቅለሸለሸው እኔን ነው።

“እትዬ፣ ያ ማቅለሽለሽ የት ሄደ?” አልኳቸው ስንወርድ።

ሳቁብኝ። “የኋላው መስኮት ጥቁር ነው፤ ሰው ሰላም ሲለኝ አላየውም። እንዲህ ብዬ ብነግርህ ደግሞ ‘ገና ከመመረጧ ልትሰብክ ጀመረች’ ብለህ ትታዘበኛለህ።”

እውነታቸውን ነው፤ እታዘባቸው ነበር።

ከጋቢናው ወንበር ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ኮንጎ ጫማ ነበራቸው። ለስብሰባ የሚያደርጉት ጥቁር ቆዳ ጫማ አለ፤ ገጠር ስንደርስ ግን እሱን አውልቀው ያንን የፕላስቲክ ጫማ ያጠልቃሉ። ኮንጎው ከፌስታል ሲወጣ የዚያ ወረዳ ኃላፊዎች ፊት ይለዋወጣል፤ ሴትዮዋ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ገለጻ ሰምተው እንደማይመለሱ ያውቃሉና። እኛ ሾፌሮች “ኮንጎ ዘማች” ብለን ስም አወጣንላቸው። ሰምተዋል፤ አልተቆጡም። “ጡረታ አለው ወይ?” ብለው ብቻ ጠየቁን።

ከመመረጣቸው በፊት ሀዋሳ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ በኋላም ርዕሰ መምህር ነበሩ። ስለዚህ ሀዋሳ ውስጥ ከእሳቸው ጋር መንዳት ችግር ነው። ባንኩ በር ላይ ያለው፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለችው፣ ባጃጅ የሚነዳው ሁሉ “ቲቸር!” ይላል። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ቀይ አልፌያለሁ፤ አልክድም። ልጁ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ሲል አያቸውና ቀጥ ብሎ ቆመ። ተረፍኩ ብዬ ማርሽ ላስገባ ስል፣ “አጥፍቷል አይደል? ቅጣው እንጂ! እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?” አሉት። ልጁ እየሳቀ ቀጣኝ፤ እሳቸውም እየሳቁ ነበር። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ምክር ቤቱ ጉባኤውን በጨረሰ ቁጥር ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይሄዳሉ። ይህን የሚያደርጉ ሌሎችም አሉ፤ የእሳቸው አኳኋን ግን ለየት ይላል። ወንበር ሲቀርብላቸው አይቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ በጎን ይሰበሰባሉ፣ እሳቸው መሐል ይቆማሉ። “የላካችሁኝን እነግራችኋለሁ፤ የተላከ ሰው ቆሞ ነው የሚናገረው” ይላሉ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ “አፊኒ?” የሚባል ቃል አለ፤ ሰማችሁ ወይ እንደ ማለት ነው። ተናጋሪው ይጠይቃል፣ የተቀመጡት ይመልሳሉ፣ መሰማቱ ሳይታወቅ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። ወይዘሮ ዘነበች ይህን ልማድ ተሸክመው ምክር ቤት ገቡ። አንድ ኃላፊ ቀርቦ ሪፖርት ሲያሰማ ጥያቄያቸውን በአማርኛ ይጠይቁና ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሰውየውን ቀጥ ብለው እያዩ፣ “አፊኒ?” ይሉታል። ከዚያ ኋላ ጥያቄውን አልሰማሁም፣ ዘለልኩት፣ ረሳሁት ማለት አይቻልም። ቋንቋውን የማያውቁ አባላት እንኳ ያችን ቃል ለምደዋት ነበር።

ሌላም አነጋገር ነበራቸው፤ “ሪፖርት አይጠጣም” ይላሉ። መስክ ላይ አንድ ባለሙያ ቁጥር ሲደረድርላቸው በትዕግሥት ሰምተው፣ “መልካም፣ ሪፖርት አይጠጣም፤ ቧንቧው ጋ ውሰደኝ” ይሉታል። ይህ ነገር አንድ ቀን ብዙ ነገር እንደሚያስከፍላቸው ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

አሁን ወደዚያች ቀበሌ ልምጣ። ስሟን አልጽፍም፤ ሰዎቹ አሉ። ሥራውን የሠራውን ቢሮ ስምም አላነሳም። ከሀዋሳ በጠዋት ተነሥተን የሄድነው በዓመቱ ተጠናቀቁ ከተባሉት የውሃ ሥራዎች አንዱን ለማየት ነበር። ቀበሌዋ የወይዘሮ ዘነበች ምርጫ ክልል አልነበረችም፤ የሌላ አባል ናት፤ ያ አባልም አብሮን ነበር፣ ከኋላ።

ስንደርስ ነገሩ ሁሉ አምሯል። ሕዝብ ተሰልፏል፣ ልጆች ይዘምራሉ፣ ቦኖው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የቢሮው ኃላፊ ራሱ ከከተማ ድረስ መጥቷል። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ተንደቅድቆ ወረደ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በመዳፉ ቀድቶ ፊቱን አስነካ፣ ፎቶ ተነሣ። በሉ ወደ ምሳ ተባለ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጥብሱ ከሩቅ ይሸታል።

ወይዘሮ ዘነበች ግን ከቦኖው ሥር አልተነሡም። በኮንጎ ጫማቸው ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

“እዚህ ሣር በቅሏል” አሉ።

“እርጥበት ስላለ ነው፤ ውሃ ነዋ!” አለ ኃላፊው እየሳቀ።

“ልጅ ሆኜ ውሃ ቀድቻለሁ” አሉ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። “ሰው በሚቀዳበት ቦታ ሣር አይበቅልም። እግር አያስበቅልም። ጭቃ ነው የሚሆነው።”

እሳቸው ወደተሰለፉት ሴቶች ዞረው በሲዳምኛ፣ “ጄሪካኖቻችሁን አምጡ፤ ውሃው ክፍት ነው፣ ቅዱ” አሉ። ሴቶቹ የቀበሌውን ሊቀ መንበር አዩ፤ ሊቀ መንበሩ ኃላፊውን አየ። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ብቻ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱና ቢጫ ጄሪካን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ሌሎቹም ሮጡ። ወይዘሮ ዘነበች አጠገቡ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“ምሳ እየቀዘቀዘ ነው፣ የተከበሩ” አለ ሰብሳቢው።

“ብሉ፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።”

እሳቸውን ድንጋይ ላይ ትቶ ማን ሄዶ ይበላል? ሁሉም በፀሐይ ቆመ። ጄሪካን ሞላ፣ ሌላ ተተካ፣ እንደገና ሞላ። ሴቶቹ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ በኋላ መሳቅ ጀመሩ። ቧንቧው እየቀጠነ መጣ፣ ከዚያ እንደ ጉንፋናም ሰው አስሎ አስሎ ዝም አለ። ከቦኖው ጀርባ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ባዶ ሆነ፤ ከመሬት ሥር የሚመጣ ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ዘነበች ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና ለኃላፊው፣ “አፊኒ?” አሉት።

ስንመለስ፣ አባላቱ ከኋላ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ሲቀመጡ፣ እኔ በለሆሳስ፣ “እትዬ፣ ታንከሩን የሞላው የውሃ ቦቴ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ” አልኳቸው።

“አንተ ምንም አልነገርከኝም” አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። “የነገረኝ ሣሩ ነው። ልጆች ታሳድጋለህ፤ በዚህ ነገር ስምህ አይነሣም።” እስከ መጨረሻው ድረስም አላነሡኝም፤ የቦቴውንም ሾፌር እንዲሁ።

ዓመታዊው ጉባኤ ሲቃረብ ያ ኃላፊ ከምክር ቤቱ በር ላይ አገኘንና እግረ መንገዳችሁን ጣሉኝ አለ። ከኋላ ተቀመጠ። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ሐይቁ አወራ፣ ከዚያ ድምፁን አለዝቦ ወደ ነገሩ ገባ።

“የተከበሩ፣ የእርስዎ ትውልድ ቀበሌ ውሃ የለውም አይደል? በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መስመር እንዘረጋለን። በዚያ በኩል ቢያልፍ ለእኛ ቀላል ነው። የዚያች ቀበሌ ጉዳይ ደግሞ ትንሽ የቴክኒክ ነገር ናት፤ በጉባኤ ላይ ባትነሣ ሁላችንም እንከባበራለን።”

ወይዘሮ ዘነበች መንገድ መንገዱን ያያሉ። ሰውየው አመስግኖ ወረደ። እኔ ዞር ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

“ከድር፣ ብርቄን ታውቃታለህ አይደል?” አሉኝ ቆይተው።

አውቃለሁ። ታናሽ እህታቸው ናቸው፤ እዚያው የተወለዱበት ቀበሌ የሚኖሩ። ስንሄድ ቡርሳሜ፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ አቅርበውልን በልተናል።

“ወገቧን ታማለች። ገደሉን ወርዳ ነው የምትቀዳው። ሽቅብ ስትወጣ ስንቴ እንደምታርፍ ቆሜ አይቻለሁ።”

አዲስ ከተማ ቤታቸው በር ላይ ሳደርሳቸው ወርደው ሄዱ፤ በሩን ክፍቱን ትተውት። ያን ያህል ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አድርገው አያውቁም። ወርጄ ዘጋሁትና ግቢያቸው ውስጥ እስኪገቡ ቆሜ አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን እኔን ቢጠይቁኝ “ለእህትዎ ይድረሱላቸው” እላቸው ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል? ሁሉም ሰው ለወገኑ ነው የሚሮጠው።

ጉባኤው ሲካሄድ እኛ ሾፌሮች ግቢው ውስጥ አንድ መኪና መርጠን፣ አራቱንም በር ከፍተን፣ የቀጥታ ሥርጭቱን እንሰማለን። ከፊሉ ይሰማል፣ ከፊሉ ይቀልዳል። ያን ቀን የኃላፊው ሪፖርት ተነበበ፤ የዚያች ቀበሌ ውሃ ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑም ተነበበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሥቶ፣ በመስክ ምልከታ “አንዳንድ ክፍተቶች” መታየታቸውን ተናግሮ ተቀመጠ። የቀበሌዋ ተመራጭ ጭራሽ አልተነሣም። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆሜያለሁ። እሳቸው እንዲናገሩ ይሁን እንዲተዉት የምፈልገው፣ እኔም አላውቅም።

“ክቡር አፈ ጉባኤ” የሚል ድምፅ መጣ። እሳቸው ናቸው። ቀልደኞቹ ወደ ሬዲዮው ተጠጉ።

“ይህ ሪፖርት ውሃው አገልግሎት እየሰጠ ነው ይላል። ሄደን አይተናል፤ አብረውኝ ያዩት አባላት እዚህ ተቀምጠዋል። ውሃ የለም። ያየነው ውሃ በቦቴ የመጣ ነው፤ ሕዝቡ ፊት አልቋል። ይህን ሪፖርት ካጸደቅነው ያች ቀበሌ ውሃ አገኘች ተብሎ ከዕቅድ ትወጣለች፤ ከዚህ በኋላ የሚመለስባትም የለም። ስለዚህ ሪፖርቱ ታርሞ ይምጣ እላለሁ። አፊኒ?”

መነጽራቸውን እንዳወለቁ በዓይኔ ያየሁ ያህል አወቅኩ። ኃላፊው ተነሣና፣ “የተከበሩ አባል ለሰጡት ገንቢ አስተያየት አመሰግናለሁ” ብሎ ጀመረ፤ ረጅም ንግግር አደረገ፤ የቴክኒክ ጉዳይ፣ የመለዋወጫ ጉዳይ፣ ወደፊት የሚታይ ጉዳይ።

“ገንቢ አስተያየት ካሉ የሚገነባ ነገር የለም” አለ ከጓደኞቼ አንዱ።

ወደ ድምፅ ተሄደ። አፈ ጉባኤው የሚደግፉ እጅ እንዲያወጡ ጠየቁ። ከዚያ በለመዱት ፍጥነት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “የሚቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ፣ ሪፖርቱ በሙሉ…” አሉና ቆሙ። ያቺን “በሙሉ ድምፅ” የምትባል ቃል ከአፋቸው ላይ መልሰው ሲውጧት በሬዲዮ ተሰማ። “አንድ… አንድ ተቃውሞ አለ” አሉ። በዚያ ግቢ ስንት ዓመት ሬዲዮ ስሰማ ኖሬ “ተቃውሞ አለ” ሲባል የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ሪፖርቱ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

አባላቱ ከአዳራሹ ሲወጡ ተያይዘው፣ ተቃቅፈው፣ እየተሳሳቁ ነው። እሳቸው ብቻቸውን መጡ። ፊት ለፊታቸው የነበሩት ሰዎች በድንገት ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ያንን ግቢ ለብቻ ማቋረጥ እንዲህ ረጅም እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኛ ሾፌሮች ለማንም የማንነሣው ሰዎች፣ ማንም ሳያዘን፣ ከተቀመጥንበት ተነሣን። እኔ ሄጄ የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው።

“ምነው?” አሉኝ፤ ልማዴ አይደለምና።

“ዛሬ እኔ ልክፈትልዎ” አልኳቸው። ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም። ያን ቀን ሀዋሳ መሐል ለመሐል ስነዳ እንዴት እንደኮራሁ! ያን ያህል ሹም ሳመላልስ ኖሬ፣ ዛሬ ሰው ጭኛለሁ አልኩ በልቤ።

አፈ ጉባኤው ጨዋ ሰው ነበሩ። ነገሩ ከንክኗቸው ኮሚቴው ሳይናገር ድጋሚ እንዲሄድ አዘዙ። ሳንደውል ሄድን። ዘፈን የለም፣ ጥብስ የለም፣ ውሃም የለም፤ ሣሩ ጨምሮ ጉልበት ሊደርስ ነው። ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ እድገት ነው የሚሉም አሉ። ዓመቱ ሳይዞር አዲስ ፓምፕ ተተከለ። ለማየት ስንሄድ ወይዘሮ ዘነበች ገና ከመኪናው ሳይወርዱ፣ “ጭቃውን እየው ከድር! ጭቃውን እየው!” እያሉ እንደ ሕፃን ተፍነከነኩ። ኮንጎ ሳያጠልቁ በቆዳ ጫማቸው ገቡበት። ያ ሣር አንድም አልቀረም።

እሳቸውን ግን ዋጋ አስከፈላቸው። ግምገማ ተጠሩ፤ አቋማቸው ተጠየቀ። በሚቀጥለው ምርጫ እጩ አልሆኑም። ይህን ሁሉ እንደ ምንም ቻሉት። ያልቻሉት የብርቄን ነገር ነው። በትውልድ ቀበሌያቸው ያ አዲስ መስመር አላለፈም። የኃላፊውን ሐሳብ አለመቀበላቸው እዚያ ድረስ ተወርቶ ጠበቃቸው። አብሬያቸው የሄድኩ ቀን እትዬ ብርቄ እጃቸውን ሳይዘረጉ በራቸው ላይ ቆመው፣ “የሰው ቀበሌ ውሃ አጠጣሽ፤ እኔን ገደል አወረድሽኝ” አሏቸው።

“የዚያች ቀበሌ ሴትም እንዳንቺ ወገብ አላት፣ ብርቄ” አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

“እህቷ ግን አይደለሽም።”

ቡርሳሜ ሳንበላ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ አለቀሱ፤ ጋቢናው ውስጥ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ሰላም ለሚላቸው ሰው በእጃቸው ሰላምታ እየመለሱ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ለእህታቸው ሸቀጥ እየላኩ ኖሩ፤ መልስ ግን አይመጣም። የመስመሩንም ነገር በየቢሮው እየዞሩ ጠይቀዋል፤ ከወንበራቸው ከወረዱ በኋላ ማን ይሰማቸዋል? አንድ ቀን፣ “አይቆጭዎትም?” ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። “ብርቄ ትቆጨኛለች” አሉ። “እጄን ማውጣቴ ግን አይቆጨኝም።” ጡረታ ወጥቼም እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በከተማው ሚኒባስ ሲሳፈሩም ጋቢና ነው የሚፈልጉት።

በቀብሩ ቀን ትውልድ ቀበሌያቸው ሄድኩ። መዝሙሩ ተዘመረ፣ ፓስተሩ ጸለየ፣ አፈር ለበሱ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ብዛት መንገዱን ዘግቶት ነበር፤ ከምክር ቤት ግን የመጡት ጥቂት ናቸው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ሰው ጠማው፤ የእጅ መታጠቢያ እንኳ ጠፋ። የቀበሌው ሴቶች ጄሪካን ይዘው ገደሉን ወርደዋል፤ እስኪመለሱ ገና ነው። እትዬ ብርቄ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው እንግዳ በመጠማቱ ያፍራሉ። አላለቀሱም፤ ፊታቸው ደረቅ ነው።

ይህን ጊዜ አንድ አይሱዙ እያጓራ መጣ። ላዩ ላይ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሯል፤ በጄሪካኖቹ መሐል ሴቶች ተቀምጠዋል። የቀበሌው ሰው እርስ በርስ ተያየ፤ የሚያውቃቸው የለም። እኔ ግን አንዷን ለየኋቸው። ያን ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መጀመሪያ ጄሪካን ያመጡት ሴት ናቸው፤ አሁን በጣም አርጅተዋል። ሴቶቹ እያለቀሱ ወረዱ፤ ጄሪካኖቹንም አንድ በአንድ አውርደው ድንኳኑ በር ላይ ደረደሩ።

“እናንተ እነማን ናችሁ?” አሉ እትዬ ብርቄ ተነሥተው።

“የዘነበች ሰዎች ነን” አሉ አሮጊቷ። “እሷ ካስገኘችልን ቦኖ ቀድተን መጣን። ለለቀስተኛው ይሁን።”

እትዬ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና አንዱን ጄሪካን በመዳፋቸው ዳበሱት። ክዳኑን ከፈቱ፣ ጣታቸውን ነከሩ፣ ፊታቸውን አስነኩ። ከዚያ ያ ደረቅ ፊት ተሰበረ። ያን ያህል ጮክ ብለው ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ አብሮ ፈነዳ።

“ለእኔ አላመጣችም ብዬ ስወቅሳት ኖርኩ!” አሉ በሲዳምኛ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማቸው። “ይኸው አመጣች! ዘነበች ውሃ አመጣችልኝ!”

ጣሳ ተቀበሉና ቀዱ። በሕዝቡ መሐል ዓይናቸው ሲዞር ቆይቶ እኔ ላይ አረፈ።

“ከድር፣ ና” አሉኝ። “አንተ ነህ ያመላለስካት። መጀመሪያ አንተ ጠጣ።”

ቆሜ፣ በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ።